ቮካብ ወይስ የቃላት ስንቅ?

“ጋሼ፣ ሌሊቱን ቮካብ ስሸመድድ አደርኩ” አለችኝ አንዲት የአሰላ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። ደብተሯ ለሁለት ተሰምሯል፤ ግራው እንግሊዝኛ፣ ቀኙ ፍቺ። ከ“ይልድ” ትይዩ “እጅ ሰጠ” ብላ ጽፋለች። በአርሲ ደጋ ስንዴ ሲታጨድ እያየች ላደገች ልጅ፣ ቃሉ የማሳ ምርትም መሆኑን ዝርዝሩ አልነገራትም። የእኛ “ሰጠ” እኮ ሁለቱንም ይዟል፤ ተሸናፊ እጅ ይሰጣል፣ መሬትም ምርት ይሰጣል።

“ቮካቡላሪ” ሥሩ ላቲን ነው፤ መጥራት ማለት ነው። “ቮካብ” ብለን ስናሳጥረው ግን ለፈተና ተሸምድዶ የሚረሳ ዝርዝር አደረግነው። በአማርኛ “መዝገበ ቃላት” እንዳንለው ያ መጽሐፉ ነው። “የቃላት ሀብት” ያስኬዳል፤ ሀብት ግን ተቆልፎበትም ይቀመጣል። እኔ “የቃላት ስንቅ” እላለሁ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጉዘው ሲፈተኑ፣ በሶ የቋጠሩ ብዙ ነበሩ። ገብስ ተቆልቶና ተፈጭቶ በሶ እንደሚሆን፣ ቃልም በዓረፍተ ነገር ሲታሽ ስንቅ ይሆናል። ልጆቼ፣ በቀን አምስት ቃል በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ስንቅ የሚሰናዳው መንገድ ሳይጀመር ነው።