ዓለም ሲናወጥ የሐዋሳ ገበያ

ሩቅ አገር የተነሣ ነውጥ ሐዋሳ ገበያ ድረስ እንዴት እንደደረሰና ሠርቶ አዳሪው እንዴት እንዳለፈው በዛሬው ዝግጅታችን እንቃኛለን።

ንግድና ሰላም የማይነጣጠሉ መሆናቸው ከጥንት የታወቀ ነው። ሱረቱ ቁረይሽ የመካ ነጋዴዎችን የክረምትና የበጋ ጉዞ ካወሳ በኋላ፣ ከረሃብ መጥገብንና ከፍርሃት መዳንን የአላህ ጸጋ አድርጎ ያስታውሳል። መንገድ ሲታወክ ምን እንደሚሆን የእኛም አገር ነጋዴ አይቶታል። በ1959 ዓ.ም. በዐረቦችና በእስራኤል ጦርነት የስዊዝ ቦይ ሲዘጋ፣ ከአውሮፓ ወደ ምጽዋና አሰብ የሚመጣው መርከብ አፍሪካን በደቡብ ጫፏ ለመዞር ተገደደ። ቦዩ የተከፈተው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው።

ወደ ሲዳማ ቡና እንምጣ። ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ለላኪ አገሮች በሚመድበው ኮታ ዋጋውን ይደግፍ ነበር። በ1981 ዓ.ም. ክረምት ኮታው ሲፈርስ ዋጋው አሽቆለቆለ። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ቬትናም ምርቷን በእጅጉ በማሳደጓ ገበያው በቡና ተጥለቀለቀ፤ የአንድ ፓውንድ አማካይ ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። የሲዳማ ገበሬ ምን አጠፋ? ምንም። ማሳውን እንደ ወትሮው ተንከባክቧል፤ ዋጋውን የቆረጡት ግን በዓይኑ አይቷቸው የማያውቅ ሰዎች ናቸው።

መልሱ ኅብረት ሆነ። በዚያው የችግር ወቅት የሲዳማ ቡና አብቃይ ገበሬዎች ዩኒየን ተቋቋመ፤ ዩኒየኖችም ከጨረታው ውጭ በቀጥታ ለውጭ ገዢ የመሸጥ ፈቃድ አገኙ። በ1999 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የሲዳሞ፣ የይርጋጨፌና የሐረር ቡና ስሞች የራሷ የንግድ ምልክት መሆናቸውን በተመለከተ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ተስማማች።

ሁለተኛው ምሳሌ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። ግንባር ቀደሙ ባለሀብት ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ አልባሳት ኩባንያ ሲሆን፣ የብዙዎቹ ፋብሪካዎች ተስፋም በአጎዋ አማካይነት ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ መላክ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የውጭ ትእዛዝ ቀነሰ፤ አንዳንዶቹ ፋብሪካዎች የፊት ጭንብል ወደ መስፋት ዞሩ። ይህ ብልህነት ነበር። ይሁን እንጂ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደምትሰርዝ ካስታወቀች በኋላ፣ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ገለጸ። ስረዛው ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና።

አድማጮቻችን ሆይ፣ ፋብሪካ ሲዘጋ ጉዳቱ ከግቢው አጥር ይሻገራል። ከየገጠሩ መጥታ በጋራ ቤት ተከራይታ የምትኖረው ወጣት ከሥራ ስትወጣ አከራይዋም፣ እንጀራ የምትሸጥላትም፣ ከደመወዟ የምትልክላቸው ወላጆቿም ይጎዳሉ።

ከሁለቱ ታሪኮች ምን እንማራለን? ቡናውን የደገፈው ኅብረትና የራስ ስም ነው፤ ፓርኩን ያናጋው ደግሞ በአንድ ገበያ ላይ መንጠልጠል ነው። ሱቅ ያለንም ሆነ ጉሊት የምንቸረችር ይህ ይመለከተናል። አቅራቢያችንም ደንበኛችንም አንድ ብቻ አይሁን። ብድራችንን እንደታዘዝነው እንጻፍ፤ የተቸገረ ባለዕዳችንንም እንታገሥ። የሰው ጭንቀት እስኪብስ ጠብቆ ለመሸጥ እህልና ዘይት መደበቅ በሃይማኖታችን የተከለከለ ከመሆኑም በላይ ደንበኛን ለዘለቄታው ያሳጣል። ነውጡን ማስቆም በእጃችን ባይሆንም አማናችንን መጠበቅ ግን በእጃችን ነው።