ቅዳልኝ፣ ጋብዘኝ፣ ጠቁመኝ

መስከረም አጋመሰ ማለት የወላይታ ሶዶ ልጆች ስልክ ሥራ በዛበት ማለት ነው። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ይውላል፤ ትርጉሙን ስትጠይቁ ሰዉ «ባይራ» ይላችኋል፣ ታላቅ፣ በኩር እንደማለት። አዲስ አበባ የከረመው ሁሉ የአውቶቡስ ወንበር ፍለጋ ላይ ነው። «ዮዮ ጊፋታ!» ከተባባሉ በኋላ ወሬው ወደ ዘፈን ይዞራል። «ለመንገድ የሚሆን አልበም ጋብዙኝ» ይላል አንዱ። «የኮይሻ ሴታን ጭነህ ና» ይለዋል ሌላው። «ፍላሽ ብቻ ያዝ፤ እኔ ጋ ሁሉም አለ፣ እቀዳልሃለሁ።» «ቆየት ያለ የምታውቁት ካለ ጠቁሙት እስቲ።»

ጋበዘ፣ ጫነ፣ ቀዳ፣ ጠቆመ። ለሙዚቃ ተብሎ የተፈጠረ አንድም የለባቸውም። አንዱ ከምንጭ ዳር፣ አንዱ ከማዕድ፣ አንዱ ከአህያ ጀርባ የመጣ ነው፤ አራተኛው ደግሞ ከማያስደስት ሰፈር። ሙዚቃ መለዋወጥ አዲስ ነገር ሲመስለን ቋንቋው ግን የቆየውን ቃል አውጥቶ አለበሰው። ጨዋታው በግማሽ ወላይትኛ፣ በግማሽ አማርኛ ቢሆንም እኔ እዚህ የምከተለው የአማርኛዎቹን ቃላት ነው።

ከሁሉም የሚደላኝ ቀዳ ነው። ግእዙ ቀድሐ ነው፤ ከምንጭ ወይም ከጋን ቀነሰ፣ በዕቃ አወጣ ማለት ነው። በዐረብኛ ቀደሕ ጽዋ ነው፤ ዘመዳሞች ናቸው። አማርኛ የጉሮሮዋን ሐ ጣላትና ፈትሐ ፈታ፣ ሰምዐ ሰማ እንደሆነው ሁሉ ቀድሐም ቀዳ ሆነ። ደ ደግሞ ከኢ አጠገብ ስትውል ጀ ትሆናለች፤ ከወለደ ወላጅ፣ ከፈረደ ፈራጅ እንደምንለው ከቀዳ ቀጂ፣ መቅጃ፣ ቅጂ ወጡ። ውኃ ቀጂዋ ልጅ፣ የጠጅ መቅጃው አጠገብ የሚቆመው አሳላፊ፣ የመጽሐፉ ሁለተኛ ቅጂ፣ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ከውኃ ወደ ጽሑፍ እንዴት ተሻገረ? ጎረቤቱን ገለበጠን ማየት ይበቃል። ገለበጠ ማለት ዕቃውን ደፍቶ ውስጡ ያለውን ወደ ሌላ ዕቃ አዛወረ ማለትም ነው፤ ከዚያ ተነስቶ በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ» ሆኖ ተቀመጠ። ስለዚህ ለአማርኛ ተናጋሪ መገልበጥም መቅዳትም መጀመሪያ የፈሳሽ ነገር ነው። ቃሉ ከገጽ ወደ ገጽ ይፈሳል። ልዩነቱ የስሜት ነው፤ የገለበጠ ዕቃውን ባዶ ያደርጋል፣ የቀዳ ግን ምንጩን እንዳለ ይተዋል። ካሴት በመጣ ጊዜ ሕዝቡ «ዘፈን ገልብጥልኝ» ከማለት ይልቅ «ቅዳልኝ» ማለትን የመረጠው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ሌላ ግሥም ነበረ፣ ቀረፀ። ግእዙ በስለት ፈለፈለ፣ ቆረጠ ነው፤ ቅርፃ ቅርፅ ከዚሁ ነው። ድምፅን «መቅረፅ» ያለው ሰው ሥራውን አይቶታል ብዬ አምናለሁ፤ በድሮው ማሽን መርፌዋ በድምፁ እየተንቀጠቀጠች ሰም ላይ ቦይ ትቆፍር ነበር። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሸክላዎች የተሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ተሰማ እሸቴ፣ ኋላ ነጋድራስ የሆኑት፣ ዳግማዊ ምኒልክ የአውቶሞቢል ሙያ እንዲማሩ ጀርመን በላኳቸው ጊዜ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ በርሊን ላይ ድምፃቸው ተቀረፀ። ሰውየው የቅኔ ሰው ነበሩና ሰምና ወርቃቸው እውነተኛ ሰም ላይ አረፈ። (የእግር ኳስ ወዳጅ የሆነ የሶዶ አንባቢ ልጃቸውን ሳያውቅ አይቀርም፤ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።) ቀረፀ እስከ ዛሬ የባለሙያ ቃል ነው፤ ስቱዲዮ ይቀረፃል፣ ቤት ይቀዳል።

ሸክላ ደግሞ ለምን ሸክላ ተባለ? የድሮው ዲስክ ከላክ ነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ የሚሠራ ነበር፤ ፈረንጆቹ ሼላክ ይሉታል። ከእጅ ከወደቀ እንደ ጀበና ይደቅቃል። የስሙ መመሳሰልም ሳያግዝ አልቀረም፤ የእኔ ግምት ግን ስሙን ያጸናው ስብራቱ ነው። ሙጫው ቀርቶ የማይሰበረው ፕላስቲክ ከመጣ በኋላም ስሙ አልተለወጠም። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስን ሲጀምሩ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር፤ እሳቸው ግን ያለ ፈቃድ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ህንድ አገር አሳትመው አስገቡ። በ1967 ዓ.ም. አገር ለቀው እስኪወጡ ከመቶ በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎች አወጡ። ከእነዚያ አንዱን መሬት ላይ ብትጥሉት ይነጥራል እንጂ አይሰበርም፤ ሆኖም ሸክላ ነው። የአፈሩን ሸክላ ካነሣን፣ በወላይታ ሸክላ ሠሪዎች ጭናሻ ይባላሉ፣ ለብዙ ዘመንም ሰው ከእነሱ ጋር ጋብቻና ማዕድ ይሸሽ ነበር። በሰሜኑ አዝማሪም ዕጣው ከዚህ ብዙ አይርቅም። የሚናቅ ሰው የሠራው ዕቃና የሚናቅ ሰው የዘፈነው ዜማ አንድ ስም ሲይዙ ማየት ያስገርመኛል፤ ከዚህ በላይ ግን አልመራመርበትም።

ከሸክላ ወደ ካሴት ስንሻገር ቀዳ ሙሉ ሥልጣኑን አገኘ። ካሴት በፈረንሳይኛ ትንሽ ሣጥን ነው፤ ፊሊፕስ ኩባንያ በ1963 እ.ኤ.አ. ያወጣት ሣጥን እኛ ዘንድ የገነነችው በደርግ ጊዜ ነው። ሰዉ ውስጧ ያለውን ጥቁር ጥብጣብ «ክር» አለው፤ የፈታይ አገር ነውና አያስደንቅም። ክሩ ሲላላ እስክሪብቶ ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ ማጠንጠን ነበር፤ ማጠንጠን የፈታይና የሸማኔ ቃል ነው፣ ዛሬ የልቦለድ ሐያሲ «የታሪኩ ማጠንጠኛ» የሚለውም ከዚያው ነው። ቴፑ ክሩን «ሲበላው» ደግሞ ካሴቱን በካቻቢቴ ፈትቶ፣ የተጨማደደውን በጣት እየዳበሱ አስተካክሎ፣ የተበጠሰውን በፕላስተር አያይዞ መመለስ ነው። ከዚያ በኋላ ዘፈኑ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ አንድ ቃል ይውጣል፤ ባለቤቱም በሌላ ሰው ቴፕ ላይ ሲሰማው ያን ቃል በማግኘቱ ይደነግጣል።

ሙዚቃ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሥርዓት ሊጻፍ ይገባዋል። ባለ 60 ወይም ባለ 90 ደቂቃ ባዶ ካሴት ትይዛላችሁ፤ የምትፈልጉትን ዘፈን በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ትሰጣላችሁ። ባለሱቁ ሁለት ካሴት በሚይዘው ቴፕ አንዱን እያጫወተ ሌላው ላይ ይቀዳል። ወረቀቱን አይቶ ዝም አይልም፤ «ይሄ ከዚያ ቀጥሎ አይሄድም»፣ «ጫፍ ላይ ሦስት ደቂቃ ይተርፋል፣ አንድ ልጨምርልህ?» ይላል። ያ የተጨመረው ዘፈን ነው ብዙ ሰው ያልሰማውን ድምፃዊ ያስተዋወቀው። ቀድቶ ሲጨርስ ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ጥርሶች ይሰብራቸዋል፤ እነሱ ከሌሉ ሌላ ድምፅ አይቀዳበትም። ሐሳቡን የለወጠ ደግሞ ቀዳዳውን በወረቀት ይደፍነዋል። አልበም ጥቆማ የሚባለው ነገር በአገራችን የተጀመረው እዚያ ባንኮኒ ላይ ነው ብል የሚከራከረኝ አይኖርም። ከአዲስ አበባ ወደ ሶዶ የሚወርደው አውቶቡስ ሾፌርም ድርሻ ነበረው፤ የእሱን ካሴት ሙሉ ቀን ያዳመጠ መንገደኛ ሲወርድ ስሙን ጠይቆ ነው የሚሄደው።

ከዚያ ሕግ መጣ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 «የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ» ይባላል። ስሙን ልብ በሉ። ድምፃዊው «ያለ ፈቃድ ተቀዳብኝ» ብሎ የሚከስበት ግሥና መብቱ የተሰየመበት ስም አንድ ሥር ናቸው። ለሙዚቀኛው ቅሬታ አዝናለሁ፤ የሠራው ሰው ሳይከፈለው ሌላው ሊሸጥ አይገባም። ግን የሕግ ሰው «ስርቆት» በሚልበት ቦታ ሕዝቡ ለምን ጥፋተኝነት እንዳልተሰማው ለሚጠይቅ፣ መልሱ በከፊል ግሡ ውስጥ አለ፤ መቅዳት ለብዙ መቶ ዓመት የአስተናጋጅ ሥራ ነበረና። «ቅዳልኝ» ያለ እንግዳ ሌባ ተብሎ አያውቅም። «ቀረፀብኝ» ቢባል ኖሮ ምናልባት ጆሮ ሌላ ይሰማ ነበር።

ጋበዘ ከዚሁ ማዕድ ላይ የተነሳ ነው። ዘፈንን የግብዣ ዕቃ ያደረገው ሬዲዮ ነው፤ አድማጭ ደብዳቤ ጽፎ፣ ኋላም ደውሎ፣ «ይህን ዘፈን ለእገሌ ጋብዙልኝ» ይላል። ዛሬ በሶዶ በወጌታ ሬዲዮም ያው ነው። ሰዋስዉን ተመልከቱት፤ ሰው ወደ ሠርግ ይጋበዛል፣ ቡናና ዘፈን ግን ያለ «ወደ» በቀጥታ ይጋበዛሉ። ቡና ጋበዘችኝ፣ ዘፈን ጋበዘችኝ። ቡናውን የጋበዘ ይከፍላል፤ ዘፈን የጋበዘ ምንም አይከፍልም፣ ምስጋናው ግን እኩል ነው።

ዘፈን የሚለው ቃል ራሱ ተጓዥ ነው። በግእዝ ዘፈነ አንደኛ ፍቺው በእግር መጨፈር ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱሱ የሄሮድያዳ ልጅ በሄሮድስ ፊት «ዘፈነች» ሲባል ጨፈረች ማለት ነው። አሁን ተቀምጦም ይዘፈናል። የወላይታን ምት የሰማ ሰው ግን ግእዙ ትክክል እንደነበር ወገቡ ይነግረዋል።

ጠቆመ ላይ ሲደርስ ዕድሜው ጠና ያለ አንባቢ ፊቱ ይለወጣል። ነገሩ ተራ ግሥ ነው፣ በጣት አመለከተ። በደርግ ጊዜ ግን «ጠቋሚ» የሚባል ሰው ነበረ፤ ጣቱ ቤት ያዘጋ ነበር። ያንን ቃል በሃያ ዓመት ልጅ አፍ «የሳምንቱ የአልበም ጥቆማ» ሆኖ ስሰማው ደስ ይለኛል። ቃል የሚነጻው በአካዳሚ አይደለም፣ ክፉውን ፍቺ በማያውቅ ትውልድ ነው። በተቃራኒው፣ በቢሮ የተፈበረከ ቃል ምን እንደሚገጥመው ሶዶ ታውቃለች፤ የአራት ሕዝቦች ስም ፊደል ተገጣጥሞ «ወጋጎዳ» ተብሎ በመማሪያ መጽሐፍ በመጣ ጊዜ፣ በ1992 ዓ.ም.፣ ከተማዋ እምቢ ብላ ወጣች፤ ደምም ፈሰሰ።

የሚጠቆመው አልበም ራሱስ? በላቲን ነጭ ማለት ነው። ሮማውያን ማስታወቂያ የሚጽፉበት የነጣ ሰሌዳ ነበር፤ የጀርመን ተማሪዎች በ16ኛው መቶ ዘመን ወዳጆቻቸውን የሚያስፈርሙበት ደብተር አደረጉት፤ ከዚያ የፎቶ ማስቀመጫ ሆነ። አንድ ሸክላ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይይዝ ስለነበር ረጅም ሥራ በብዙ ሸክላ ተከፋፍሎ እንደ መጽሐፍ በተጠረዘ ክዳን ይሸጥ ነበር፤ ኦዲዮን የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1909 እ.ኤ.አ. የቻይኮቭስኪን «ነትክራከር» በአራት ዲስክ አንድ ላይ አውጥቷል። ሁሉም በአንድ ሸክላ መግባት ከጀመረ በኋላም ስሙ ቀረ። እኛ ግን የብራና መጽሐፍ የሚያድርበትን የቆዳ ከረጢት «ማኅደር» እንለዋለን፤ ማንም ባያማክረኝም ለአልበም ከዚህ የተሻለ ስም አላየሁም። መዝገብ ቤት ግን ለፋይል ወስዶት ቀደመን። ለአንድ ዘፈን «ነጠላ ዜማ» የሚል ያማረ ስም ያወጣው ሕዝብ ለአሥራ ሁለቱ «ጋቢ» ለማለት አለመድፈሩ ይገርመኛል።

ጫነ መጥቶ ነው አልበምን ያጎሳቆለው። ግእዙ ጸዐነ ነው፤ አህያ ይጫናል፣ ኤኔትሬ መኪና ይጫናል። ሚሞሪ ካርድ በመጣ ጊዜ «ቅዳልኝ» ቀርቶ «ጫንልኝ» ሆነ፣ ከግሡ ጋርም መለኪያው ተለወጠ። ሲቀዳ በዘፈን ነበር፣ ሲጫን በጊጋ ነው። «ሁለት ጊጋ ወላይትኛ፣ አንድ ጊጋ የድሮ» ይባላል። ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚሄድ የሚጨነቅ ባለሱቅ አያስፈልግም። የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ከማን እንደሆነ ባልታወቀ የሠርግ ዘፈን መካከል ተጥሎ ይገኛል፣ የዘፈኑ ስም ቦታ ላይ «ትራክ 07» ተጽፎ። በአንጻሩ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. ብቻውን አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ይዞ የቀረፀው ካሴት ከብዙ ዓመት በኋላ በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ እንደገና ሲታተም ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብሎ ሰማው፤ እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ የምጠቁመው እሱን ነው፣ ቅደም ተከተሉን ሳትነኩ።

አሁን ደግሞ ምንም የሚቀዳ፣ ምንም የሚጫን ሳይኖር ሊንክ ብቻ ቀረ። «ሊንኩን ጣልልኝ» ይባባላሉ። መጀመሪያ ስሰማው ከበደኝ፤ ከመቅዳትና ከመጋበዝ በኋላ መጣል? ግን ጣለ ሌላ አገልግሎትም አለው፤ ዕቁብም ይጣላል። የሶዶ ነጋዴ ቅዳሜ የሚጥለው ብር የተወረወረ ብር አይደለም፣ ተራው ሲደርስ ተጠራቅሞ ይመለሳል። ዘፈን የሚለዋወጡት ልጆች ደንባቸው ያው ይመስላል፤ ዓመቱን ሙሉ የሰው ጥቆማ እያወረደ አንድም ቀን ያልጣለውን ልጅ «አንተስ መቼ ነው የምትጥለው?» ይሉታል።