ከባሶ ገበያ እስከ ቆርቆሮው ዱቄት

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥር ወር ማለቂያ ላይ፣ ወደ ትውልድ ቦታዬ ወደ ቁይ ሄጄ ነበር። ቁይ ለማያውቃት አንባቢ በምሥራቅ ጎጃም የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ታላቅ እኅቴ ቤት አቦሉ ተቀድቶ ጨዋታው ሲደራ የእኅቴ ልጅ ከጓዳ አንድ ጥቁር ቆርቆሮ ይዞ ብቅ አለ።

ልጁ ሯጭ ነው። ሰማዩ ሳይላቀቅ ተነሥቶ፣ ውርጩን ሳይፈራ፣ ሰው ገና ከብቱን ሳያሰማራ ሮጦ ይመለሳል። በዚያን ጊዜ በሦስት ሳምንት ውስጥ ደብረ ማርቆስ ላይ ውድድር ይጠብቀው ነበር። እዚያ ከፊት ከገባ ከአዲስ አበባ የሚመጡ የክለብ ሰዎች ያዩታል፤ ካላዩት ደግሞ ሞፈር መጨበጥ ነው። ዱቄቱን ያስመጣለት አንድ ጓደኛው ሲሆን፣ ገንዘቡ የተገኘው ከእኅቴ በጎች አንዱ ተሸጦ ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ ይህን ያንብቡልኝ» አለኝ።

ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። ከረጅሙ ዝርዝር ውስጥ ግማሹን እኔም አላወቅሁትም። ያወቅሁት አንዱን ነው፤ በአንድ ማንኪያ ውስጥ 300 ሚሊ ግራም ካፌይን አለ ይላል። ጓደኛው ደግሞ «ሁለት ማንኪያ ካልሆነ አይሠራም» ብሎታል።

«ካፌይን ደግሞ ምንድን ነው፣ ወንድምዓለም?» አለች እኅቴ ጀበናዋን እንደያዘች።

«ቡና ውስጥ ያለው፣ እንቅልፍ የሚነሳው ነገር ነው» አልኳት።

«ታዲያ የኔን ቡና ጠጥቶ አይሮጥም? በጌን ለምን አሸጠኝ?»

ሁላችንም ሳቅን። ጥያቄዋ ግን አዲስ አበባ ድረስ ተከተለኝ። መልሱን ፍለጋ መጻሕፍት ሳገላብጥ ነገሩ ከቆርቆሮው እጅግ የቆየ፣ ለቁይም የማይርቅ ሆኖ አገኘሁት።

በደጃችን ያለፈው ጭነት

ዛሬ ያለ ቡና የማይውለው የጎጃም ደጋ ገበሬ ቅድመ አያቶች ቡናን የሚያውቁት በአብዛኛው በነጋዴ አህያ ጀርባ ላይ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ የጁቤ አጠገብ፣ ባሶ የሚባል ስመ ጥር ገበያ ነበር። ከከፋና ከእናርያ የተነሣው ሲራራ ነጋዴ ዓባይን ተሻግሮ እዚያ ይሰፍራል። ጭነቱ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ወርቅ ነበር፤ ያሳዝናል እንጂ ሰውም ጭምር ይሸጥ ነበር። በአሞሌ ጨው ተገበያይቶ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ምጽዋ ይቀጥላል። ደገኛው ክርስቲያን ግን ቡናው በደጁ ሲያልፍ አይቀምሰውም። የሙስሊሞች መጠጥ ነው ተብሎ የተነወረ ነበርና።

የቡና ንግድ ዘውድም ያነካካ ነገር ነው። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ከአጼ ዮሐንስ ዘውድ ሲቀበሉ ማዕረጋቸው «ንጉሠ ጎጃም ወከፋ» ነበር። ከፋ የቡና አገር መሆኑን አንባቢ ያስተውላል። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1874 ዓ.ም.፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከዓባይ ማዶ እምባቦ ላይ ሲጋጠሙ ከጠቡ ሥር የነበረው የደቡቡ ሀብትና የንግዱ መንገድ ነው። ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ፤ የቡናው አገርም ከጎጃም እጅ ወጣ።

በደጋው ቡና መጠጣት የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደሚነግሩን ለዚህ ምክንያት የሆኑት ራሳቸው ቡና ይጠጡ የነበሩት ምኒልክና የካህናቱን ጥርጣሬ ያለዘቡት አቡነ ማቴዎስ ናቸው። እንግዲህ እኅቴ «የአባቶቻችን ወግ» የምትለው አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በደጋው ብዙ ትውልድ አላስቆጠረም።

ይህ መነወርና መፈቀድ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በ15ኛው መቶ ዘመን የየመን ሱፊዎች የሌሊቱን ዚክር ሳያንቀላፉ ለመዝለቅ ቡና ይጠጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1511 ግን የመካው ሹም አገደው፤ እገዳውም ብዙ ሳይቆይ ተነሣ። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ ኦሊምፒክ ስንደርስ ያው ነገር ይመለሳልና።

በቅቤ የታሸው ስንቅ

እስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ገብቶ በ1770 ጎጃም ውስጥ ግሽ ዓባይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ስለ ኦሮሞ ዘማቾች ስንቅ የጻፈው ነገር አለ። ቡናውን ቆልተው ይወቅጡታል፤ በቅቤ ለውሰው ድቡልቡል ያደርጉታል፤ በቆዳ ከረጢት ይዘውት ይዘምታሉ። አንዷ ድቡልቡል ቀኑን ሙሉ ከዳቦም ከሥጋም በላይ ትይዛለች ይላሉ። ሰውነትን መመገቧ ብቻ ሳይሆን መንፈስንም ታነቃቃለችና። ዛሬም በቦረናና በጉጂ ዘንድ በቅቤ የተጠበሰው «ቡና ቀላ» ክብር ያለው ምግብ ነው።

እንግዲህ የዛሬ ቆርቆሮ ሻጭ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ለአካልም ለአእምሮም። የእኛ ደጋ ሰው ደግሞ በበኩሉ በሶውን ይዞ ይዘምት ነበር። በሶ ሆድ ይይዛል እንጂ ዓይን አይገልጥም፤ የሁለቱ ስንቆች ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

በቤተ ሙከራ

በቡና ውስጥ ያለውን ነገር ለይቶ ያወጣው ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሊብ ፈርዲናንድ ሩንገ ነው። ፍሬውን የሰጠውና መርምረው ያለው ባለቅኔው ጎተ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1819 ነበር። ከዚያ ወዲህ ካፌይን ከቡናው ተነጥሎ የሚመዘን ነገር ሆነ።

የስፖርቱ ዓለም በዚያን ዘመን ከካፌይን የከፋም ይሞክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 በሴንት ሉዊስ ኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈው ቶማስ ሂክስ በመንገድ ላይ ስትሪክኒን የተባለ መርዝ ከእንቁላልና ከብራንዲ ጋር እየተሰጠው፣ እየተደገፈ ነው የገባው። ያን ጊዜ የሚከለክል ሕግ አልነበረም።

ነገሩን በሥርዓት የመረመሩት እንግሊዛውያኑ ሪቨርስና ዌበር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1907 ባወጡት ጥናት ጣትን ክብደት እያስጎተቱ ድካምን ለኩ፤ ካፌይኑ የጡንቻን ሥራ ጨመረ። ብልሃታቸው ግን ሌላ ነው። ካፌይን ያለበትና የሌለበት መጠጥ በጣዕም እንዳይለይ አደረጉ። «መድኃኒት ወስጃለሁ» ብሎ ያመነ ሰው መድኃኒት ባይወስድም እንደሚበረታ ተገንዝበዋልና።

የአእምሮውን ነገር የመረመረው አሜሪካዊው ሃሪ ሆሊንግዎርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ኮካ ኮላ በካፌይኑ ምክንያት ፍርድ ቤት በቀረበ ጊዜ ኩባንያው ጥናት እንዲያደርግለት ጠየቀው። ጠጪዎቹ የሚወስዱትን ሳያውቁ ለሳምንታት ተፈተኑ። ውጤቱ በአጭሩ ይህ ነው፤ ጥቂቱ የጽሕፈት መኪና ጸሐፊን እጅ ያፈጥናል፣ ብዛቱ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍም ይነሳል።

ለረጅም ርቀት ሯጭ የሚነገረው ዜና የመጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። አሜሪካዊው ዴቪድ ኮስቲልና ባልደረቦቹ ለዘጠኝ ብስክሌተኞች 330 ሚሊ ግራም ካፌይን ያለበት ቡና ሰጡ። ካፌይን በሌለው ቡና 75 ደቂቃ ተኩል ያህል ነድተው የዛሉት በካፌይኑ ቡና 90 ደቂቃ ያህል ቆዩ። የኋለኞች ጥናቶች እንዳስረዱት ዋናው ምክንያት በአንጎል ውስጥ ነው። ስንደክም አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ለአንጎላችን «ይበቃሃል» ይለዋል፤ ካፌይን ቦታውን ይይዝበትና መልእክቱን ያፍነዋል። ስለዚህ ካፌይን ኃይል አይሰጥም፤ ያለውን ድካም ይሸፍናል እንጂ። ኃይሉን የሚሰጠው እንጀራውና በሶው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት የኢትዮጵያን ምርጥ ረጅም ርቀት ሯጮች ምግብ ሲመዝን ከኃይላቸው 64 በመቶ ያህሉ የሚገኘው ከካርቦሃይድሬት መሆኑን አሳይቷል።

ታገደ፣ ተፈቀደ

ለካፌይን ወሰን ያበጀው የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው ወሰን በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት 15 ማይክሮ ግራም ነበር፤ በኋላ ወደ 12 ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ላይ አንድ አውስትራሊያዊ የፔንታትሎን ተወዳዳሪ ከወሰኑ አልፈሃል ተብሎ ተባረረ። «ቡናና ለስላሳ ነው የጠጣሁት» ቢልም አልሰሙትም፤ በ1992 ባርሴሎና ግን ተመልሶ ተወዳደረ። ችግሩ ግልጽ ነበር። ለወሬ የጠጣውን ለማሸነፍ ከዋጠው ሽንት አይለየውም። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2004 ካፌይን ከተከለከሉት ዝርዝር ወጣ፤ የዓለም ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ ግን በዓይነ ቁራኛ ይከታተለዋል። የመካው ታሪክ ኦሊምፒክ ላይ ተደገመ ያልኩት ይህን ነው።

ይህን ሳነብ «እንግዲያው ልጁ ይጠጣዋ!» ብዬ ነበር። ሆኖም አደጋው ከካፌይኑ ስም ላይ ሳይሆን ከልኩና ከጎረቤቶቹ ላይ ነው።

ልኩን እንመልከት። የኦሊምፒክ ኮሚቴው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት መግለጫ ይጠቅማል የሚባለው ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ በላይ ጥቅሙ አይጨምርም፣ ጉዳቱ ይጨምራል። የእኅቴ ልጅ 55 ኪሎ ነው። ከ165 እስከ 330 መሆኑ ነው፤ አንዱ ማንኪያ ሊሞላው ምንም አልቀረው። ሁለቱ 600 ነው! የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ለጤነኛ አዋቂ በአንድ ጊዜ እስከ 200፣ በቀን እስከ 400 አያሰጋም ብሏል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 ንጹሕ የካፌይን ዱቄት የወሰዱ ሁለት ወጣቶች ሞተዋል፤ የአንድ ሻይ ማንኪያ ንጹሕ ዱቄት የ28 ስኒ ቡና ያህል ነውና። ቡና ልኩን ራሱ ያሳውቃል፤ ይመራል፣ ያቃጥላል፣ ሦስተኛው ላይ ይቀጥናል። ዱቄት አያሳውቅም።

ጎረቤቶቹ ደግሞ ይብሳሉ። የጀርመን ተመራማሪዎች ከ13 አገሮች 634 ዓይነት የምግብ ማሟያዎች ገዝተው ሲመረምሩ፣ ከ100 ወደ 15 የሚጠጉት በዝርዝራቸው ያልተጻፈ አናቦሊክ ስቴሮይድ ነክ ነገር ተገኝቶባቸዋል። በፀረ ዶፒንግ ሕግ ደግሞ «አላወቅሁም» ማለት ከጥፋተኝነት አያድንም፤ በሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ሁሉ ተጠያቂው ሯጩ ራሱ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም አትሌቲክስ የበላይ አካል ጥብቅ ክትትል ያሻቸዋል ካላቸው አምስት አገሮች አንዷ እንደነበረች አንርሳ።

ወደ ቁይ

ይህን ሁሉ በስልክ ለልጁ ነገርኩት። እርሱም አንድ ነገር ነገረኝ። አንድ ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሁለት ማንኪያ ሞክሮ ሌሊቱን ልቡ ሲመታ አድሮ ነበር። አያስደንቅም፤ በደም ውስጥ የገባው ካፌይን ግማሹ እንኳ ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ያላንቀላፋ ሯጭ ደግሞ ምን ይዞ ይሮጣል?

ቆርቆሮውን ተወው። በውድድሩ ጠዋት በሶውን በልቶ፣ ከመነሻው ቀደም ብሎ ቡናውን ጠጥቶ ሮጠ። ሰባተኛ ሆነ። የክለብ ሰው አላናገረውም። «ዱቄቱን ብወስድ ኖሮስ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ያልሆነውን የሚያውቅ የለምና መልስ አልሰጠሁትም። በዓመቱ ግን እንደገና ሮጧል፤ ዛሬም ይሮጣል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያ ልጅ እንግሊዝኛ የሚያነብለት አጎት ነበረው። በየወረዳው በውርጭ የሚሮጡት ሌሎቹስ? ባሶ ላይ ቡናውን አሳልፈን ጠባዩን ሳናውቅ ብዙ ዘመን ኖርን፤ ዛሬ ያው ነገር በቆርቆሮ ታሽጎ ሲመለስ ልኩን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ ሊነግረው የሚገባ አሠልጣኝና መምህር ያስፈልጋል። እኅቴ በጓን አላስመለሰችም። ጥያቄዋን ግን ለእናንተም አቅርቤዋለሁ።