ምርኮኛው ንጉሥ

ልጆቼ ሆይ፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ በእርስ በርስ ጦርነት ድል ተመትተው፣ በ1641 ዓ.ም. ችሎት ፊት ቀርበው አንገታቸውን ተቀሉ። በ1652 ዓ.ም. ልጃቸው ዙፋኑን ከያዙ በኋላ ከፈራጆቹ አንዳንዶቹ በተራቸው በሞት ተቀጡ። ደም ደምን ጠራ።

በእኛም አገር በ1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከዚህ ከነቀምቴ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በጉዱሩ፣ እምባቦ ላይ ተዋጉ። የጠባቸውም ምክንያት ከዓባይ ወዲህ ያለውን አገር ማን ይግዛው የሚል ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ምኒልክ ግን በሞት አልቀጧቸውም፤ ቁስላቸውን አስታመሙላቸው እንጂ። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት እኒያው ምርኮኛ ከምኒልክ ጋራ ሆነው ለአገራቸው ተሰለፉ።

እንግዲህ ባላጋራህን በጣልህበት ቀን፣ ነገ የምትፈልገው ወንድምህ እርሱ ሊሆን እንደሚችል አስብ።