የተቆረጡት አራት ደቂቃዎች

የዘ ዶርስን «ላይት ማይ ፋየር» መጀመሪያ የሰማሁት በነጠላ ዜማ የወጣውን ቅጂ ነው፤ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሙሉው ይሄ ይመስለኝ ነበር። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣውን አልበም ስከፍት፣ ለካ ዘፈኑ ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው!

የዘመኑ ሬዲዮ ጣቢያዎች ረጅም ዘፈን ማጫወት አይወዱም ነበር። ስለዚህ ፕሮዲውሰሩ ፖል ሮትቻይልድ ከመሀል የሬይ ማንዛሬክን የኦርጋን፣ የሮቢ ክሪገርን የጊታር ሶሎ ቆርጦ አወጣ። የሚገርመው፣ ዘፈኑን በዋናነት የጻፈው ክሪገር ራሱ ነው። አጭሩ ግን በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ።

መቀሱን አልረግምም፤ አጭሩ ባይኖር ረጅሙን ፈልጌ አልሄድም ነበር። ግን አሁንም አጭሩን ስሰማ፣ ኦርጋኑ መግባት የነበረበት ቦታ ላይ ጆሮዬ ቆሞ ይጠብቃል።