ያልተጠየቁ እናቶች፣ ያልተነገራቸው ልጆች

በአሽኬሎን ከተማ በራማት ኤሽኮል ሰፈር ቡና ተፈልቶ እናቶች ሲሰበሰቡ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ቤት ዕዳ፣ ወታደር ስለ ሄዱት ልጆች ብዙ ይወራል። አንድ ጉዳይ ሲነሳ ግን ድምፅ ዝቅ ይላል፤ እርሱም የእርግዝናና የወሊድ መቆጣጠሪያ ነገር ነው። ይህ ዝምታ ከየት እንደመጣና ምን እንዳስከፈለን በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ ለመመልከት እንወዳለን። ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በጎንደርና በትግራይ ስንኖር ሴት ልጅ የምትዳረው ገና በልጅነቷ ነበር። ወንድ የወለደች 40፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ከቤቷ ተለይታ በአራስ ጎጆ ትቆይ ነበር። ልጅ በረከት፣ የእርሻ ረዳትና የእርጅና ጧሪ ነው። ስለ ወሊድ የሚያውቁት አዋላጆችና ባልቴቶች ነበሩ፤ ላላገባች ልጃገረድ ግን ይህን መንገር እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ያለ ትዳር ማርገዝም የመላው ቤተሰብ ውርደት ስለነበረ፣ የደረሰባት ልጅ የሚመክራት ሳይሆን የሚሸሽጋት ታገኝ ነበር።

በኢትዮጵያ የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር የተቋቋመው በ1966 ነው። ሆኖም አገልግሎቱ ገጠር እስኪደርስ ብዙ ዘመን ፈጅቷል። በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙት ባለትዳር ሴቶች 8 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ግን 36 ከመቶ ደርሰዋል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ የሚጠቀሙት በየ3 ወሩ የሚሰጠውን መርፌ ነው። መርፌው በየቀኑ ኪኒን ከመዋጥ ያድናል፤ ቤት ውስጥም ምልክት አይተውም። ስለሆነም በገዛ ፈቃዷ የመረጠችው ሴት ብዙ መሆኗን መካድ አይገባንም።

በእስራኤል ግን ይኸው መርፌ ሌላ ታሪክ አለው። በ1984 እና 1985 በሱዳን በኩል የመጡት፣ በሜይ 1991 በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን የገቡት ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን፣ ከእነርሱም በኋላ በጎንደርና በአዲስ አበባ ለዓመታት ተራ ሲጠብቁ የኖሩት፣ ቋንቋውን ወደማያውቁት ሕክምና ነው የደረሱት። በሃይፋ የሚገኘው ኢሻ ለኢሻ የተባለው የሴቶች ማዕከል በ2000ዎቹ ዓመታት መገባደጃ ባወጣው ዘገባ፣ ዴፖ ፕሮቬራ የተባለውን ይህን መርፌ በእስራኤል ከሚወስዱት ሴቶች 57 ከመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ የመጡ እንደሆኑ ገለጸ። ማኅበረሰባችን ከአገሩ ሕዝብ 2 ከመቶ እንኳ አይሞላም።

በዲሴምበር 2012 ጋዜጠኛ ጋል ጋባይ ባቀረበችው የቴሌቪዥን ዝግጅት እናቶች ራሳቸው ተናገሩ። አንዳንዶቹ መርፌው ክትባት መስሏቸው እንደነበር፣ አንዳንዶቹም ካልተወጉ ወደ እስራኤል መግባት እንዳይከለከሉ መፍራታቸውን አስረዱ። በጃንዋሪ 2013 የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ሮኒ ጋምዙ ለአራቱ ቁፓት ሆሊሞች ደብዳቤ ጻፉ፤ ሴቲቱ የመድኃኒቱን ውጤት አለመረዳቷ የሚያጠራጥር ከሆነ ማዘዣው እንዳይታደስ፣ ካስፈለገም አስተርጓሚ እንዲጠራ አዘዙ። በ2016 የመንግሥት ተቆጣጣሪው ቢሮ መርምሮ፣ መርፌው በግዳጅ ለመሰጠቱ ማስረጃ አላገኘሁም አለ።

ታዲያ ማንን እንመን? በእኛ አስተያየት፣ እጅ ይዞ ያስገደደ ባይኖርም በቋንቋዋ ሳይነገራት የተወጋች ሴት መረጠች አይባልም። መርፌው የወር አበባን እንደሚያዛባ፣ በሚወሰድበት ጊዜ የአጥንትን ጥንካሬ እንደሚቀንስ፣ ካቆሙት በኋላም ለማርገዝ ብዙ ወራት ሊወስድ እንደሚችል ሊነገራት ይገባ ነበር። ይህን ሰምታ «እሺ» ያለችም፣ «አልፈልግም» ያለችም ሁለቱም ትክክል ናቸው።

አሁን ደግሞ ወደ ሴቶች ልጆቻችን እንመለስ። እነርሱ ዕብራይስጥ እንደ ውኃ ይጠጣሉ፤ አስተርጓሚም አያስፈልጋቸውም። ነገር ግን ሐኪም ለእናቲቱ ሳያስረዳ እንደቀረ ሁሉ፣ እናቲቱም ለልጇ ሳትነግራት ትቀራለች። ልጅቱም ከጓደኛ የሰማችውን ይዛ ትሄዳለች፤ ያልታሰበ እርግዝና ሲደርስባትም በመጨረሻ የምትነግረው ለእናቷ ነው። ያለ መከላከያ ግንኙነት ከተፈጸመ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚወሰድ ኪኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በፋርማሲ እንደሚገኝ፣ ፈጥኖ መውሰዱም እንደሚበጅ የምታውቅ ስንቷ ናት? መርፌውም ሆነ ኪኒኑ ከኤች አይ ቪ እንደማይጠብቅ፣ ለዚያ ኮንዶም እንደሚያስፈልግስ? በ1977 በወጣው ሕግ መሠረት እርግዝና ለማቋረጥ የሚፈቅደው ኮሚቴ ከ18 ዓመት በታች ላለች ልጅ የወላጅ ፈቃድ እንደማይጠይቅስ? ሕጉ ያለ እኛ እንድትሄድ ፈቅዶላታል፤ ብቻዋን እንዳትሄድ ማድረግ ግን የእኛ ፈንታ ነው።

አበው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። የእናቶቻችን ጉዳይ ለሕዝብ የደረሰው ጥቂት ሴቶች ደፍረው ስለተናገሩ ነው። እንግዲህ እኛም ያንኑ ድፍረት ወደ ቤታችን እናምጣው። ልጃችንን ስንመክር ንጽሕናዋን መጠራጠራችን አይደለም፤ እኛ ሳንጠየቅ የተወሰነብንን እርሷ አውቃ ትወስን ዘንድ ነው። ቡናው ሲፈላ ልጃገረዷን «አንቺ ወደ ውስጥ ግቢ» ከማለት «ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» እንበላት።