ቀይ የደም ሕዋስ፦ የይዘት ለውጥና ቅርጽ

የአዋቂ ሰው ቀይ የደም ሕዋስ ወደ 8 ማይክሮሜትር የሚጠጋ ወርድ፣ 90 ፌምቶሊትር ገደማ ይዘትና 140 ካሬ ማይክሮሜትር ያህል የገጽ ስፋት አለው። ይኸው ይዘት ድቡልቡል ቅርጽ ቢይዝ 97 ካሬ ማይክሮሜትር ሽፋን ይበቃው ነበር። ወሳኙ ነገር እንግዲህ የሕዋሱ ትልቅነት ሳይሆን ይህ ትርፍ ሽፋን ነው፤ ከራሱ በጠበበ የደም ሥር ተጣጥፎ የሚያልፈው በእሱ ነውና። ጨው ባነሰው ውኃ ውስጥ ሲገባ ውኃ እየሳበ ያብጣል፤ መሃሉ ላይ ያለው ስርጉድ ይሞላና ይዘቱ 1.7 እጥፍ ገደማ ሲደርስ ድቡልቡል ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ሽፋኑ ከጥቂት በመቶ በላይ ስለማይለጠጥ ይፈነዳል።

የሕዋሱ መጠን ራሱ አይወስንም ወይ የሚል ይኖራል። በውርስ በሚመጣው የድቡልቡል ሕዋስ በሽታ ግን ሕዋሱ ብዙ ጊዜ ከጤነኛው አይበልጥም፤ እንዲያውም ሊያንስ ይችላል። ሆኖም ከሽፋኑ ከፊሉን በማጣቱ በጣፊያ ጠባብ ቀዳዳዎች ማለፍ ይሳነውና እዚያው ይጠፋል። የውስጡ ፈሳሽ ውፍረትስ? ይህኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ውኃ ሲወጣ ሄሞግሎቢን ይታመቃል፣ የውስጡ ፈሳሽ ይወፍራል፣ ሕዋሱም ትርፍ ሽፋን እያለው መተጣጠፍ ይሳነዋል። ይህም ቢሆን የይዘት ለውጥ ውጤት ነው። በደም ምርመራ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው አማካይ የሕዋስ ይዘት ስለዚህ ብቻውን የሕዋሱን የመተጣጠፍ አቅም አያሳይም።